ድቡን ስፈራ መዥገሯ ቀደመችኝ

ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እሄዳለሁ ስል ሀበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ድብ የለም እንዴ?» አዎ፣ አለ። ብዙ አለ። አንዷን ከነግልገሎቿ መንገድ ስታቋርጥ አይቻታለሁ። ቆመን ጠበቅናት፣ መንገዷን ቀጠለች፣ እኛም ቀጠልን። አንድ ሙሉ ሰመር ከነመጸዉ የበላችብኝ ግን ድብ አይደለችም። የጤፍ ፍሬ የምታህል መዥገር ናት።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። እንዲያውም ሀበሻው ነቅሎ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ከዲሲ 75 ማይል ገደማ ነድቶ እንደዚያ ያለ ተራራ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ብቻ እኔ ታምሜ ያወቅሁትን እናንተ ሳትታመሙ እወቁት።

የእኔ አጀማመር እንደ ብዙዎቻችን በሐኪም ነው። ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ፈረቃ እሠራለሁ። ቁጭ ብዬ አድራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ፣ በመሀል የምበላውን እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነን የምናውቀው። የደም ምርመራዬ ሲመጣ ሐኪሟ «ስኳር አልያዘሽም፣ ግን ደጃፉ ላይ ነሽ» አለችኝ። ጂም ተመዘገብኩ። ከፈልኩ እንጂ አልሄድኩም። ግድግዳ እያየሁ መሮጥ አልሆነልኝም። በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ነይ ተራራ ላሳይሽ» ብላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከፈረቃ ስወጣ መኪናዋ ውስጥ አስገብታኝ ነዳች።

ፓርኩን ለማታውቁት፣ ረጅምና ቀጭን ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ በተራሮቹ ጀርባ ላይ 105 ማይል ይሄዳል። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ቢፈቀድም ጠመዝማዛው አያስነዳም። ከዲሲ አካባቢ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በሰሜኑ በር በፍሮንት ሮያል ወይም በቶርንተን ጋፕ ነው የሚገባው። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፤ 7 ቀን ያገለግላል። መኪናው ውስጥ ያለ ሁሉ በዚያው ሂሳብ ይገባል። ስለዚህ ጎረቤት ጫኑ።

የመጀመሪያ ቀን የወጣሁት ስቶኒ ማን የሚባለውን ነው። ከፍታው 1,220 ሜትር ገደማ ይሆናል። በፓርኩ ሁለተኛው ትልቅ ጫፍ ነው ስትለኝ ሳቅሁባት። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ከ2,800 ሜትር በላይ። የፓርኩ ትልቁ ጫፍ ሐውክስቢል እንኳ 1,235 ሜትር ነው፣ የአዲስ አበባን ግማሽ ቢሆን ነው። «ይሄ ተራራ ነው ጉብታ?» አልኳት። ደርሶ መልሱ 1.6 ማይል ብቻ ነው። ግማሹ ሳይደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ለካ ደጋ ማደግ የሰጠኝ ደም፣ ዓመት ሙሉ ባሕር ጠለል አጠገብ ስቀመጥ ድሮ ጥሎኝ ሄዷል። ሌላም ነገር ገባኝ። ዋናው ጫፉ ስንት ሜትር ላይ መሆኑ አይደለም። ከተነሳችሁበት እስከ ላይ ስንት ትወጣላችሁ? ካርታ ስታዩ እሱን ቁጥር ፈልጉ።

ላይ ስንደርስ ግን ዝም አልኩ። ሸለቆው በሙሉ ከስር ተዘርግቷል። እርሻው፣ መንደሩ፣ ከማዶ ደግሞ ሌላ የተራራ ሰንሰለት። አገር ቤትን ከለቀቅሁ ጀምሮ እንደዚያ ሩቅ አይቼ አላውቅም ነበር። ዓይኔ ለካ ግንብ ሲያይ ነው የኖረው። እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንቅልፌ ሁሉ ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ ቅዳሜን ስጠብቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አጫጭሮቹን አንድ በአንድ አዳረስናቸው። ለቤተሰብ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ ጥሩ ነው፣ ግን አታላይ ነው። መሄጃው ቁልቁለት ስለሆነ ሁሉም እየዘፈነ ይወርዳል። ዳገቱ መመለሻው ላይ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ለመመለሻ ጉልበት አስቀሩ፤ ያለዚያ አዝላችሁ ነው የምትወጡት።

ኦልድ ራግ ግን ሌላ ዓለም ነው። ዙሪያው ከ9 ማይል ያልፋል፣ ከ700 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፣ ወደ ጫፉ አካባቢ ደግሞ በእጅም በእግርም የሚወጣ ቋጥኝ አለ። በድንጋይ መሀል ሰውነትን አጥብቦ ማለፍ ይጠይቃል። መግቢያውም በስካይላይን በኩል አይደለም፤ ከምሥራቅ፣ ከታች ከቆላው ነው። ከማርች 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ ከመግቢያው ሌላ የቀን ትኬት አለው፤ ቀድማችሁ በኢንተርኔት ትገዛላችሁ። ቦታው ላይ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል ትኬቱን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ይህን ሳያውቁ ሁለት ሰዓት ነድተው የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ። አንጀት ይበላል።

እኔ የሄድኩት ነሐሴ ላይ ነው። ፍልሰታ ነበር። ውኃ እንኳ ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። የቨርጂኒያን የነሐሴ ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ላብ አይደርቅም፣ ቆዳ ላይ ይቀመጣል። ቋጥኙ ጋ ስደርስ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዓይኔ ጭጋግ ሠራ። ከኋላችን በዕድሜ ገፋ ያሉ ሀበሻ ከልጆቻቸው ጋር ይመጡ ነበር። አዩኝና ጥላ ስር አስቀመጡኝ። ከቦርሳቸው ጨው ጣል የተደረገበት በሶ በጠርሙስ በጥብጠው ሰጡኝ።

«ጾም ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«በሶው የጾም ነው፤ ሰዓቱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። አሁን ጠጪ። ሁለተኛ ጾሙንና ተራራውን በአንድ ቀን አታጋጥሚያቸው» አሉኝ።

ጠጣሁ። ከዚያ ወዲህ በጾም ወቅት ከሰዓት በኋላ፣ ያውም አጭር መንገድ ብቻ ነው የምሄደው። ስንቅን በተመለከተ የእኛ ምግብ ከሱቁ ኢነርጂ ባር ይሻለኛል። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ። አይቀልጥም፣ አይበላሽም፣ ርካሽ ነው። ውኃ ግን በሙቀት ጊዜ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ያዙ፣ ጨዋማ ነገርም አይጥፋ።

እኚህ ጋሼ ናቸው ሩጫ ያስጀመሩኝ። በወጣትነታቸው ለክፍለ ጦራቸው ይሮጡ ነበር። አሁን ስልሳዎቹን አጋምሰዋል፣ ግን ቁልቁለት ላይ አንደርስባቸውም። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር ገርሞኛል። «ዳገቱን በእግርሽ ሂጂ» አሉኝ። ሩጫ ልማር መጥቼ! ለካ የተራራ ሩጫ እንደ ጎዳና ሩጫ አይደለም። ዳገቱ ሲጠና ጎበዙም ይራመዳል። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ማይሉንም እርሱት፤ በሰዓት ያዙት። ከተማ ውስጥ በአንድ ሰዓት የምትሮጡት ርቀት ድንጋይና ሥር በሞላበት መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ነው ጨለማ ያገኘው።

ጭን የሚጨርሰው ቁልቁለቱ ነው። ረጅም እርምጃ አታውጡ፤ አጭርና ፈጣን ይሁን፣ ጉልበት ትንሽ እጥፍ። ዓይናችሁ እግራችሁ ላይ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሜትር ቀድሞ ይሂድ። መጸው ላይ ቅጠል ድንጋዩን ይሸፍነዋል፣ ከዘነበበት ደግሞ ያንሸራትታል። የጎዳና ጫማ እዚያ ላይ አይሆንም፣ ሶሉ ጥርስ ያለው የትሬይል ጫማ ግዙ። ጫማ ላይ አትቆጥቡ፤ ልብሱን የፈለጋችሁትን ልበሱ።

ለጀማሪ ሯጭ የምመክረው ከስካይላይን ጎን ለጎን የሚሄደውን የአፓላቺያን ትሬይል ነው። 101 ማይሉ በፓርኩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ብዙ ቦታ መንገዱን ስለሚያቋርጥ ሲደክማችሁ መውጫ አታጡም። ዛፍ ላይ ነጭ ቀለም ካያችሁ እሱ ነው። ሰማያዊው የፓርኩ ሌሎች የእግር መንገዶች ምልክት ነው፣ ቢጫው ፈረስም የሚሄድበት ነው። ሁለት ቀለም አንዱ ከአንዱ በላይ ከተቀባ መታጠፊያ አለ ማለት ነው። መገንጠያዎቹ ላይ አጠር ያለ የሲሚንቶ ምሰሶ አለ፤ ዙሪያውን በታሰረው ቆርቆሮ ላይ አቅጣጫና ማይል ተጽፏል። ቆም ብላችሁ አንብቡት። እየሮጡ አንብቤያለሁ ማለት አለማንበብ ነው።

እንዲህ እያልኩ ክረምቱን ጨርሼ፣ በሚቀጥለው ጸደይ ጥሩ ሯጭ መስዬ ነበር። ሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ እሄዳለሁ። ከሩጫ በኋላ ሣር ላይ ጨርቅ አንጥፈን፣ በፔርሙስ የመጣውን ቡና እየጠጣን፣ ፋንዲሻ እየቆረጠምን እንጫወታለን። ሣሩ ለስላሳ፣ ረጅም። ባዶ እግሬን እዘረጋለሁ። ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው ብዬ አስባለሁ፤ እርግጠኛ መሆን ግን አይቻልም፣ ምክንያቱም መዥገሯን አላየኋትም። ብዙ ሰው አያያትም። መዥገር ስትነክስ የሚጋባውን የባክቴሪያ በሽታ፣ ላይም የሚባለውን፣ በብዛት የምታስተላልፈው ገና ያላደገችዋ ናት። ወቅቷም ከጸደይ መጨረሻ እስከ ሰመር ነው፣ ልክ እኛ ወደ ተራራ የምንጎርፍበት ጊዜ። ስትነክስ አታምም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትኩሳት፣ የአጥንት ቁርጥማት፣ ልክ የሌለው ድካም ያዘኝ። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ይለኛል። ከጉልበቴ ጀርባ ደግሞ ሰፋ ያለ፣ ጠቆር ያለ ነገር ነበር። ተመትቼ የበለዘ ነው የመሰለኝ። ስለ መዥገር ጭራሽ ያልሰማሁ አልነበርኩም። ኢንተርኔት ላይ ያየሁት ሥዕል ግን ነጭ ቆዳ ላይ ያለ፣ ደማቅ ቀይ፣ መሀሉ ነጣ ያለ ክብ ነው። የእኔ ቀይም አልነበረ፣ ክብነቱም አይለይም። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ምልክቱ ቀይ ላይሆን ይችላል። ጠቆር ያለ፣ ሐምራዊ፣ የበለዘ ሊመስል ይችላል። ላያሳክክም ይችላል። በጥቁሮች ላይ የላይም በሽታ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ መገጣጠሚያ ከገባ በኋላ የሚታወቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ያየኝ ሰው «ቫይረስ ነው፣ እረፍት አድርጊ» ብሎ ሸኘኝ። የት ከርመሽ ነው አላለኝም። እኔም ጫካ ለጫካ ስሮጥ ነው የከረምኩት አላልኩትም። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ። ተሻለኝ ብዬ ወደ ሩጫዬ ተመለስኩ።

ነሐሴ ላይ ግራ ጉልበቴ አበጠ። ሕመሙ ከእብጠቱ ያንሳል፣ ግን አይታጠፍም። ሁሉም ሰው መልሱን ያውቅ ነበር። «ሩጫው ነው።» እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ዱሮስ ከሰው ተለይቶ ጫካ መሮጥ ምን ይሉታል» አለችኝ። በረዶ አደረግሁ፣ ታሸሁ፣ ጸበል ተጠመቅሁ። ይጎድልና መልሶ ያብጣል። ፓርኪንግ ውስጥ ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ከሕመሙ የባሰው ሌላ ነበር። ተራራውን ራሱን ጠላሁት። ለጤናዬ ብዬ የያዝኩት ነገር የጎዳኝ መስሎኝ አንድ ዓይነት ንዴት ያዘኝ።

ነገሩን የቀየረችው ጉልበቴን ያየችው ሁለተኛዋ ሐኪም ናት። ፎቶ ሳታነሳ፣ መርፌ ሳታነሳ፣ መጀመሪያ «ውጪ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። «መዥገር ነክሶሽ ያውቃል?» አላየሁም። «ትኩሳትስ በሰመሩ?» ያኔ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ከጉልበቴ ጀርባ የነበረውንም። ደም ወሰደች፤ ላይም ሆኖ ተገኘ። ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ለ28 ቀን አዘዘችልኝ። መድኃኒቱ በፀሐይ ቆዳ ስለሚያቃጥል እጄን ሸፍኜ ነበር የምወጣው። እብጠቱ ቀስ እያለ ሄደ። በጊዜው ብመጣ ኖሮ ሕክምናው አጭር፣ ጉልበቴም ያልተነካ ይሆን ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ከጉዞው በፊት ጫማዬን፣ ካልሲዬንና ሱሪዬን ፐርሜትሪን የሚባለውን የነፍሳት መግደያ እረጫለሁ። ይህ ለልብስ ብቻ ነው፣ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ ደርቆ ነው የሚለበሰው። ለቆዳ ዲት ያለበትን የነፍሳት መከላከያ እቀባለሁ። ሱሪዬን ካልሲ ውስጥ እከታለሁ፣ መልኩ ባያምርም። መሀል መሀሉን እሄዳለሁ፣ ዳር ያለውን ሣር አልተሻሽም። ቡናውን አልተውንም፤ ግን አሁን የሽርሽር ጠረጴዛ ላይ ነው የምንጠጣው።

ቤት ስገባ ልብሴ መጀመሪያ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀት 10 ደቂቃ ይገባል። ደረቅ ከሆነ ያ ጊዜ መዥገሩን ይገድለዋል፣ እርጥብ ከሆነ ግን ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በማጠቢያው ማሽን ብቻ አትተማመኑ፣ ውኃው በጣም ካልሞቀ አይሞትም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሻወር እወስዳለሁ። ከዚያ ፍተሻ ነው፤ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ እምብርት፣ ከጆሮ ኋላ፣ የፀጉር ሥር። ሹሩባ የተሠራችሁ መስመር በመስመር በጣት ዳብሱ፣ ወይም ሰው ያይላችሁ። ልጆችን ራሳችሁ ፈትሹ።

ካገኛችሁ አትደንግጡ። ላይምን ለማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። ያን ቀን ማታ ካወጣችኋት አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ጫፉ በቀጠነ ወረንጦ ቆዳው ድረስ ጠግታችሁ ያዙና ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። አታጣምሙ። ክብሪት ማስጠጋት፣ ቅባት መቀባት፣ ጋዝ ማፍሰስ፣ እነዚህን ሁሉ ተዉ። ቦታውን በሳሙና ወይም በአልኮል እጠቡ። ቀኑን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ምልክት ወይም ትኩሳት ከመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ምልክቱን በየቀኑ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱት። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ንገሩት። «ሸናንዶዋ ነበርኩ፣ ቲክ ሊሆን ይችላል፣ ላይም እንዳይሆን» በሉት። እንግሊዝኛዬ ያጥራል ብላችሁ አትተዉት፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደም ምርመራ ነጻ ነህ ሊል እንደሚችልም እወቁ፤ ሰውነት መልስ እስኪሰጥ ጊዜ ይፈልጋል።

ወደ ተራራው የተመለስኩት እየፈራሁ ነው። ሐኪሟ ከፈቀደች በኋላ እንኳ ሣር ሳይ ይሰቀጥጠኝ ነበር። ጋሼ ናቸው እንደገና ስቶኒ ማን የወሰዱኝ፣ በእግር፣ ዱላ ይዤ። ሩጫውን ከደቂቃዎች ነው የጀመርኩት። ትንሽ ሮጥ፣ ብዙ ራመድ። አንድ ሳምንት ደህና ስሆን በሚቀጥለው እጨምራለሁ እንጂ አልዘልም። ስኳሩም ከደጃፉ ራቅ ብሏል፣ ግን ኬክ ሳይ አሁንም እፈተናለሁ።

ድቡን ደግሞ ሳልረሳው። ካያችሁት አትሩጡ። ድምፃችሁን አሰሙ፣ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ በእናቲቱና በግልገሉ መሀል አትግቡ። ምግብ ጥላችሁ አትሂዱ። እባብን በተመለከተ መርዘኞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ሁለቱም ፀሐይ የሞቀው ድንጋይ ይወዳሉ። ስለዚህ ቋጥኝ ስትወጡ ሳታዩ እጃችሁን አትስደዱ። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ፣ የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ኦክቶበር አጋማሽ አካባቢ ቅጠሉ ሲቀላና ሲቢጭ ዲሲ በሙሉ የሚመጣ ይመስላል። ቅዳሜና እሁድ በሮቹ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። እንደኔ የማታ ፈረቃ የምትሠሩ በሳምንቱ መሀል፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ብትሄዱ መንገዱ የእናንተ ነው። ብቻ ከፈረቃ ወጥታችሁ ራሳችሁ አትንዱ። መጀመሪያ ተኙ፣ ወይም የተኛ ሰው ይንዳ።